እርግጠኛ ነኝ ያለው ሰው

አንድ ሰው ነበር። ጠዋት ጠዋት፣ ጎረቤቱ ገና እሳት ሲያያይዝ፣ እሱ መሰላል አቁሞ ጤና ኬላው ጣሪያ ላይ ይወጣል። በእጁ እርጥብ ጨርቅ አለ። ጣሪያው ላይ የተሰቀለውን የሶላር መስታወት ይወለውላል። አቧራውን ይጠርጋል፣ የወፍ ኩሱን ይፍቃል፣ ቅጠሉን ይለቅማል። ማንም አላዘዘውም። ማንም አይከፍለውም። ወዶ ነው።

ወገኖቼ፣ ስለዚህ ሰው ክፉ እንዳታስቡ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ጥሩ ሰው ነው። የምነግራችሁ ስለ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ምን ይጠቅመናል? "እኛስ እንደሱ አይደለንም" ብለን፣ ደረታችንን ነፍተን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። አይደለም። ጥሩ ሰው ነው። የሚያሳፍረውም ይኸው ነው።

ስሙ ዘካሪያስ ይባላል። አገሩ ደጋ ነው። ጠዋት በር ሲከፈት ጉሙ ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚጠብቅበት፣ እንሰትና ገብስ የሚበቅልበት፣ ክረምት ሲመጣ መንገዱን ጭቃ የሚውጥበት አገር። የመብራት ምሰሶ እዚያ ድረስ አልደረሰም።

ከብዙ ዓመት በፊት ዘካሪያስ ለጉዳይ ከተማ ወርዶ ሶላር አየ። ሲመለስ የቀዬውን ሽማግሌዎች ሰበሰበና፣ ፀሐይን ቀን በመስታወት ይዘን ማታ እናበራታለን አላቸው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ ሳቁ። አንደኛውማ፣ ፀሐይዋን መያዝ ከቻልክ መጀመሪያ ገብሳችን ላይ አቁምልን፣ ይድረቅልን አለው። ያ ሳቅ ሰንብቶ መንገድ ላይም ይከተለው ጀመር።

እሱ ግን አልተወም። ደጅ ጠና፣ ለመነ፣ ሰው አስተባበረ። በመጨረሻ አንድ የሶላር ሰሌዳ ከነባትሪው በበቅሎ ጭኖ አመጣ። ጣሪያው ላይ ሲሰቅለው ባለቤቱ መሰላሉን ይዛለት ነበር። ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ይበራል አይበራም፣ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ከታች ቆመው ያያሉ። "ጌታ ሆይ፣ እባክህ አታሳፍረኝ" ይላል በልቡ።

በራ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መገመት አያቅታችሁም። ሌላ ሰሌዳ መጣ። የመብራት ማኅበር ተቋቋመ፣ ዘካሪያስም ሰብሳቢ ሆነ። ጤና ኬላው ክትባት የሚያስቀምጥበት ፍሪጅ አገኘ። እናቶች በኩራዝ ጭስ ሳይሆን በአምፖል ብርሃን ወለዱ። ዘካሪያስ ሲያልፍ ሰው ከመቀመጫው ይነሳለት ጀመር። ይገባዋል። አዎ፣ ይገባዋል።

ግን እዚያ አገር ክረምት አለ።

ክረምት ሲገባ ጉሙ ይወርዳል፣ ፀሐይ ትጠፋለች። ሰሌዳው ጣሪያው ላይ እንዳለ ነው፣ ተወልውሏል፣ ያብረቀርቃል። የሚይዘው ፀሐይ ግን የለም። አምፖሉ ይደክማል። ባትሪው ይራባል። ሰው ሲጠይቅ ዘካሪያስ "ክረምቱ ይለፍ፣ ይስተካከላል" ይላል። ይህን ከዓመት ዓመት አለው። ቀስ በቀስ ደግሞ ጥያቄውን መስማት ጠላ። ስለ መብራቱ መድከም የሚያነሳ ሰው በእሱ ላይ የሚነሳበት ይመስለው ጀመር።

ልብ በሉ። ሥራው ሥራ መሆኑ ቀርቶ እሱ ራሱ ሆነ። ሰሌዳውን የነካ እሱን ነካ።

ዘሪቱ የምትባል የጎረቤት ልጅ ነበረች። ከተማ ወርዳ መካኒክነት ተምራለች። እናቷ ስትታመምባት ልታስታምም ተመለሰች። ክረምቱን ቤት ተቀምጣ ሳለ፣ መብራቱ ሲደክም ታያለች። ከቤታቸው በታች ደግሞ ወንዙ ሲጮህ ትሰማለች። ሰማዩ በጨለመ ቁጥር ወንዙ ይሞላል። ፀሐይ ስትጠፋ ውሃ ይመጣል። ሐሳቧ ከዚህ ተነሳ።

ከወዳደቀ መኪና ቸርኬ አመጣች። በርሜል ቆርጣ ዙሪያውን እንደ መቅዘፊያ አድርጋ በየደችበት። ከጎኑ የመኪና ዲናሞ አስቀምጣ በቺንጋ፣ በሞተር ቀበቶ፣ አገናኘችው። ውሃው ቸርኬውን ያዞራል፣ ቸርኬው ዲናሞውን፣ ዲናሞውም ባትሪ ይሞላል። መልኩ አያምርም። ቀዬው ቶሎ ስም አወጣለት፤ "የዘሪቱ ጎማ" አሉት።

ማኅበሩን ለማስፈቀድ ዘካሪያስ ጋ መጣች። እሱም ጎማውን ዞሮ ዞሮ ካየ በኋላ፣ ይሠራል ወይ ብሎ ጠየቃት።

"እንደሚሠራ አላውቅም፣ ጋሼ። ለማወቅ ነው የምሞክረው።"

ይህን መልስ ያዙልኝ። ከዚህ የበለጠ እውነተኛ መልስ አለ? ብትዋሸው ምን ችግር ነበረባት? "አዎን፣ ይሠራል" ብትል ማን ይጠይቃታል? እሷ ግን እውነቱን ነገረችው። እሱም የሰማው እውነቱን ሳይሆን ድካሟን ነው።

በግማሽ ልብ ፈቀደላት። በሰኔ አንድ ቀን ጎማው ወንዝ ውስጥ ገባ። ሰው ዳርና ዳር ተሰብስቧል። ዘካሪያስ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆሟል። ጎማው ተንገራገጨ፣ ቆመ፣ እንደገና ዞረ። ዘሪቱ ከዲናሞው ጋር ያያያዘቻት ትንሽ አምፖል ቀላች። በራች ማለት አይቻልም። ቀላች ብቻ። እንደ ፍም ቀላች።

ብዙው ሰው አላያትም፤ ጎማውን ነው የሚያየው። ዘካሪያስ ግን አይቷታል።

ብዙም ሳይቆይ ከላይ በዘነበው ዝናብ ደራሽ ጎርፍ መጣ። ጎማውን ነቅሎ ወሰደው፣ የእግረኛ ድልድዩ ሥር ወስዶ ቀረቀረው። ድልድዩ እንዳይፈርስ ጎልማሶች ውሃ ውስጥ ገብተው፣ እየተንቀጠቀጡ ቆራርጠው አወጡት። ዘሪቱም አብራቸው ውሃ ውስጥ ነበረች።

በሳምንቱ የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ስለ ጎማው ተነሳ። ሰው ሁሉ ሰብሳቢውን ያያል። ዘካሪያስ ተነሣና ጉሮሮውን ጠራረገ።

"እንግዲህ ወንዙ ጎማውን በላ፣" አለ፤ "መብራት ግን አልተፋም።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የሚስቅ ሰው የጎረቤቱን ትከሻ ይመታል። ዘሪቱ ከኋላ ወንበር ላይ ናት። እሷም ፈገግ አለች። ሰው ሲሳቅበት ፈገግ የሚለውን ፈገግታ ታውቁታላችሁ። ከዚያ አንገቷን ደፋች።

ዘካሪያስ አምፖሏ መቅላቷን አይቶ ነበር። በዚያች ሰዓት ያንን መናገር የሚችል ሰው እሱ ብቻ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር በቂ ነበር። "አንድ ነገር አይቻለሁ፣ ቀልታለች" ማለት። አላለም። ሳቁ ጣመው።

ወገኖቼ፣ ስንት ጊዜ ያየነውን መልካም ነገር ውጠን የሰውን ሳቅ መርጠናል?

ክረምቱ አልፎ አደይ ሲፈነዳ ዘሪቱ እንደገና መጣች፤ ወደ ስብሰባው ሳይሆን ወደ ዘካሪያስ ቤት። የተሳሳተችው የት ላይ እንደሆነ ገብቷታል። ጎማው ዋናው ወንዝ ላይ መግባት አልነበረበትም፤ ከወንዙ በተጠለፈው የመስኖ ቦይ ላይ ቢሆን ደራሽ አይወስደውም። ቸርኬውን ከጭቃ አውጥታ አቃንታዋለች። የጎደላት ባትሪ ነው። ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ማንም የማይጠቀምበት ትርፍ ባትሪ ተቀምጧል። እሱን በውሰት እንዲሰጧት ጠየቀች።

ዘካሪያስ አሁንም ያንኑ ጠየቃት። እርግጠኛ ነሽ ወይ አላት። አይደለሁም አለችው። እሱም፣ እርግጠኛ ባልተሆነበት ነገር ላይ የሕዝብ ንብረት አላወጣም አላት። ድምፁ የዋህ ነበር። እንደሚመክር አባት ነበር የተናገረው።

ዘሪቱ ለመሄድ ተነሣች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዞረች።

"ጋሼ፣ እርስዎ ያኔ ሰሌዳውን ሲሰቅሉ እርግጠኛ ነበሩ?"

"እርግጠኛ ነበርኩ፣" አላት።

ዋሸ።

ባለቤቱ ጓዳ ውስጥ ነበረች። ሰምታለች። መሰላሉን ይዛ ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ያየችው እሷ ናት።

ዘሪቱ ወጣች። እናቷ ስትሻላት ጓዟን ይዛ ከተማ ወረደች፣ ጋራዥ ተቀጠረች። ባትሪው መጋዘን ውስጥ ቀረ። ጎማው ከቤታቸው ጀርባ ሣር በቀለበት።

የሚቀጥለው ክረምት ከባድ ነበር። ጉሙ ወረደ፣ አልነሣም። ጤና ኬላው ውስጥ የምትሠራው ሲስተር ፋናዬ ዘካሪያስን አስጠርታ ፍሪጁ እየሞቀ ነው አለችው። አምፖሎቹን አጥፊ፣ ኃይሉ ለፍሪጁ ይቅር አላት። አጠፋች። ደግማ አስጠራችው፤ አሁንም አልቻለም አለችው። ሰማዩን አንጋጦ አየና ነገ ይከፍታል አላት። ፋናዬ ፈራ ተባ እያለች፣ ያቺ ልጅ የሠራችው የውሃ ነገር ቢሞከርስ አለችው። ዘካሪያስ የሰማ አልመሰለም። ጣሪያው ላይ ወጣና የተወለወለውን መስታወት እንደገና ወለወለ።

ሰማዩ አልከፈተም። ክትባቱ ተበላሸ።

በክትባቱ ቀን እናቶች መጡ። ከዚህም ከዚያም፣ በዚያ ዝናብ፣ ልጆቻቸውን በጋቢ ጠቅልለው፣ በላዩ ላስቲክ ደርበው መጡ። ሲስተር ፋናዬ በር ላይ ቆማ ይቅርታ ጠየቀቻቸው፤ አዲስ ክትባት ሲመጣ እናስጠራችኋለን አለቻቸው። ዘካሪያስ እዚያው ነበር። ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ቆሟል። ሴቶቹ አንድ በአንድ ዞረው ወደ ጭቃው ሲወርዱ አየ። ከመካከላቸው ከሁሉ ሩቅ፣ ከሸንተረሩ ማዶ የመጣች ዝናሽ የምትባል ሴት አለች። ምናሴ የሚባለውን ልጇን አዝላለች። ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀርቶባት፣ ጎትታ አውጥታ በእጇ ይዛ ሄደች።

አዲሱ ክትባት በጭቃው ምክንያት ዘገየ። ከእሱ በፊት ኩፍኝ ደረሰ። ከሸንተረሩ ማዶ ገባ።

ምናሴ ታመመ። እናቱ ተሸክማ ጤና ኬላ አመጣችው። ሲስተር ፋናዬ ከአጠገቡ አልተለየችም። እግዚአብሔር ይመስገን ልጁ ዳነ። ተነሣ፣ በላ፣ ሣቀ። አንድ ዓይኑ ላይ ግን ነጭ ጠባሳ ቀረ። በዚያኛው ዓይኑ አያይም።

ልጁን ይዛ ወደ ቤቷ የምትመለስበት ቀን ዘካሪያስ ከጣሪያው ላይ እየወረደ ነበር። ዝናሽ አየችው። ልጇን መሬት አቆመችና ወደ እሱ መጣች።

"ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ ይሄ ጤና ኬላ ባዶ ቤት ነበር። ልጄ የተረፈልኝ በእርስዎ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

ጎንበስ ብላ እጁን ልትስም ያዘችው።

እስቲ እዚህ ላይ ቁሙልኝ። ብትሰድበው ይሻለው አልነበረም? ብትረግመው፣ ድንጋይ ብትወረውርበት ይሻለው አልነበረም? እሷ ግን መረቀችው። ምንም አታውቅም። ቦይ ላይ ሊቀመጥ ስለነበረው ጎማ አታውቅም። መጋዘን ውስጥ ስለተዘጋበት ባትሪ አታውቅም። ስለ ሳቁ አታውቅም። ስለ ውሸቱ አታውቅም። እሱ ግን ሁሉንም ያውቃል።

እጁን እንደተቃጠለ ሰው ነጠቃት። ሴትየዋ ደነገጠች። ምናሴ በአንድ ዓይኑ ቀና ብሎ አየው። ዘካሪያስ መሰላሉን እንዳቆመው ትቶት ሄደ።

ቤት ገብቶ ምሳ ቀረበለት፣ አልነካውም። ባለቤቱ አሞሃል ወይ አለችው። የሆነውን ነገራት። የክፍሉን በር እያየ፣ ቀስ እያለ ነገራት። ከዚያ እንዲህ ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ፤ ጎማው ላይሠራም ይችል ነበር አለ። ደራሽ ባይወስደው ቺንጋው ይበጠስ ነበር፣ ቺንጋው ባይበጠስ ዲናሞው አይበቃም ነበር አለ። ልጁ በጎማው ይድን ነበር ብሎ ማን ይምላል አለ።

ባለቤቱ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

"ልክ ነህ፣ ላይሠራ ይችል ነበር፣" አለችው። "ያንተም ላይሠራ ይችል ነበር። እኔ ግን መሰላሉን ያዝኩልህ።"

ያልተነካውን ምሳ አነሣች።

ወገኖቼ፣ እሷ ያለችውን በደንብ ስሙ። ዘካሪያስ የልጁን ዓይን አጠፋ አላለችም። እኔም አልልም። ጎማው ፍሪጁን ያድን እንደነበር የሚያውቅ አምላክ ብቻ ነው። የዘካሪያስ እፍረት እዚህ ላይ ነው፤ እንዳይታወቅ ያደረገው እሱ ነው። መልሱ "አይሠራም" ሊሆን ይችል ነበር። መልሱ እንዳይመጣ በሩን የዘጋው ግን እሱ ነው። አሁን እድሜውን ሙሉ "ምናልባት" እያለ ይኖራል። ከ"ምናልባት" የሚከብድ ሸክም አለ?

ያን ቀን መጋዘኑን ከፈተ። ባትሪው ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ሞክሮ አየው፣ ኃይል አይይዝም። ሳይሠራ ሞቷል። ለማንም ሳይሰጥ የጠበቀው የሕዝብ ንብረት ሞቷል።

ከተማ ወረደ። ዘሪቱ የምትሠራበትን ጋራዥ አጠያይቆ አገኘው። መኪና ሥር ተኝታ ነበር። ስትወጣና ስታየው ደነገጠች፤ ቤት ሰው የሞተ መሰላት። ማንም አልሞተም አላት። ከዚያ እዚያው የጋራዡ በር ላይ፣ ሰው እየወጣና እየገባ፣ ቆሞ ነገራት።

"ዋሽቼሻለሁ። ያኔ እርግጠኛ አልነበርኩም። ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ነበር። አምፖልሽ ስትቀላም አይቻለሁ።"

ዘሪቱ እጇን በጨርቅ ትጠርጋለች። ስለ ክትባቱና ስለ ምናሴም ነገራት። ስለ ልጁ ስትሰማ ጨርቁን አስቀምጣ ግድግዳውን ተደገፈች።

"ጋሼ፣ እኔ የሄድኩት ስለሳቁብኝ አይደለም፣" አለችው በመጨረሻ። "ሦስተኛ ጊዜ ልጠይቅዎት አስቤ፣ አፍሬ ነው የተውኩት። ባላፍር ኖሮ እያልኩ ነው አሁን።"

አያችሁ? አፈረች። ማን ማፈር ነበረበት? ዋሽቶ የነበረው ማን ነው? አምፖሏን አይቶ ዝም ያለው ማን ነው? እፍረቱ የሱ ነበር። እሱ ግን በሳቁ አሸክሟት፣ እሱ ቀጥ ብሎ ሲሄድ እሷ አንገቷን ደፍታ ከአገር ወጣች። ዘካሪያስ ይህን ሲሰማ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ካለው የመኪና ጎማ ላይ ቁጭ አለ። ሽማግሌ ሰው፣ በሰው አገር፣ በቀን ብርሃን አለቀሰ።

እመጣለሁ አለችው። ነገር ግን አሁንም እንደሚሠራ አላውቅም አለችው። ሳታውቂ ነይ አላት።

ከመምጣቷ በፊት እሱ ሁለት ነገር አደረገ። ስብሰባ ጠርቶ፣ በቀለደበት ቦታ ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። ማንም አላጨበጨበም። ማንም "አይዞህ" አላለውም። አንዳንዱ ያኔ አብሮ መሳቁ ትዝ ብሎት ወለሉን ያያል። ከዚያ ሸንተረሩን ተሻግሮ ዝናሽ ቤት ሄደ።

እሷም በሩ ላይ ቆማ ሰማችው። ምናሴ ከእንሰቱ ሥር ይጫወታል። ዘካሪያስ ጨርሶ ሲያበቃ ይቅር ብያለሁ አላለችም። ይሂዱልኝም አላለችም። ልጇን አየች። ከዚያ፣ ያ ጎማ አሁን ይሠራል ወይ ብላ ጠየቀችው።

"አላውቅም፣ እህቴ፣" አለ። "እየሞከርን ነው።"

"እንግዲያውስ ሞክሩት፣" አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

ሞከሩት። ቦዩ ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ቺንጋው ተበጠሰ። ቀጥሎ ቅጠልና ጭራሮ እየገባ አቆመው፤ ዘሪቱ ከፊቱ ወንፊት ሠራችለት። ዘካሪያስ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ቆሞ ቅጠል ይለቅማል። ቀስ እያለ መዞር ያዘ። በቀጣዩ ክረምት ጉሙ ሲወርድ ውሃው የጤና ኬላውን ባትሪ ይሞላ ነበር። ፍሪጁ አልሞቀም። ፀሐይ ስትወጣ ሰሌዳው፣ ስትጠፋ ውሃው። ሁለቱ እንደ ጥሩ ጎረቤት ይተጋገዙ ጀመር። ሰሌዳው አልተጣለም። ማንም ይጣል አላለም። ዘካሪያስ ግን አዲሱ ሲመጣ አሮጌው የሚዋረድ መስሎት ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ቆይቶ ሌላ ሰው በነፋስ የሚዞር ነገር ሠርቶ መጣ። ዘካሪያስ ምሰሶውን ይዞለት ዋለ። ያ ነገር አልሠራም። እዚያ ሸለቆ ውስጥ በቂ ነፋስ የለም። አፍርሰው አወረዱት። ማንም ግን አልሳቀም። ለምን እንዳልሠራ ቁጭ ብለው ተወያዩ፣ ሰውየውም ቀና ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ዘካሪያስ ዛሬም በሕይወት አለ። ዛሬም ያፍራል። ገበያ ላይ ምናሴን ሲያይ ያፍራል። ሰው ከመቀመጫው ሲነሣለት ያፍራል። አሁን ያለውን ሰው ያደረገው ያ እፍረት ነውና ይነሣልኝ ብሎ አይጸልይም።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ።

ተራራችን ሲራቆት እያያችሁ ነው። ሴቶቻችን ማገዶ ፍለጋ ከዓመት ዓመት እየራቁ ነው። ዝናቡ በለመድነው ጊዜ አይመጣም። ያለ ጭስ፣ ያለ መጥረቢያ የምንኖርበትን መንገድ መፈለግ አለብን። ይህን ከእናንተ መካከል የሚክድ አለ? የለም። ሁላችንም "አዎ" እንላለን። ሁላችንም ግን የተፈተነውን፣ ያለቀለትን፣ ሌላው ሰው ደክሞ ያስተካከለውን ይዘው እንዲመጡልን እንፈልጋለን። ገና የሚንገራገጨውን አንፈልግም። ቀልቶ የሚጠፋውን አንፈልግም።

በረከት ሁሉ ተጠናቆ ይመጣል ያላችሁ ማን ነው?

ከመካከላችሁ ትናንት ደፍራችሁ የጀመራችሁ፣ ዛሬ የተከበራችሁ አላችሁ። ስለ እናንተ ነው በጣም የምፈራው። ያልደፈረ ሰው አይደለም በሩን የሚዘጋው፤ አንድ ጊዜ ተሳክቶለት ፍርሃቱን የረሳ ሰው ነው። እስቲ ወደ ኋላ ሂዱ። ያኔ እርግጠኛ ነበራችሁ? በእውነት ነበራችሁ? ካልነበራችሁ፣ ዛሬ "አላውቅም፣ ልሞክር" ብሎ የሚመጣውን ሰው ያልነበራችሁን እርግጠኝነት ለምን ትጠይቁታላችሁ?

የመጣውን ሁሉ እመኑ አላልኩም። ጠይቁ። መርምሩ። የት ላይ ሊሰበር እንደሚችል ንገሩት። ድልድዩን የሚያፈርስ ከሆነ ድልድዩ አጠገብ አታስቀምጥ በሉት። ነገር ግን ያያችሁትን መልካም ነገር አትዋጡ። ባትሪያችሁን ዘግታችሁ አትግደሉት። አትሳቁ።

በዚህ ግቢ፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ሁለት እህቶቻችን ጉድጓድ ቆፍረዋል። ከእበትና ከወጥ ቤቱ ትራፊ የሚወጣ ጋዝ ሰብስበው የጉባኤውን ምግብ ያለ እንጨት ለማብሰል ነው ሐሳባቸው። ያለፈው እሑድ ክብሪት ጫሩ፣ አልነደደም። ሸተተ ብቻ። አንዳንዶቻችሁ አፍንጫችሁን ይዛችሁ ስታልፉ አይቻለሁ።

ዛሬም እንደገና ሊሞክሩት ነው። ስትወጡ በዋናው በር አትውጡ። በወጥ ቤቱ በኩል ዞሩ፣ አጠገባቸው ቁሙ። ይነድዳል ብዬ ቃል አልገባላችሁም። ዛሬም ላይነድድ ይችላል።

እናንተ ግን እዚያ ሁኑ።